ፈሊጥ በሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ይፈታል

በትምህርት ቤቶቻችን ፈሊጣዊ አነጋገር ለተማሪ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ዓምድ ተከፍሎ ነው። በ«ሀ» ሥር «ዓይኑን በጨው አጠበ»፣ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ»፣ «ጨርቁን ጣለ» እየተባለ ይደረደራል፤ በ«ለ» ሥር ደግሞ «አበደ»፣ «ኀፍረት አጣ»፣ «አልሰማም አለ» የሚሉት ፍቺዎች ቦታቸው ተዘበራርቆ ይቀመጣሉ፤ ተማሪውም ያዛምዳል። በጎጃም ከተሞች አማርኛ በማስተማር በኖርኩባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ በእንዲህ ያለው ፈተና ሙሉ ውጤት ያገኘ ልጅ እነዚያኑ ፈሊጦች በአንድ አጭር ልብ ወለድ መካከል ሲያገኛቸው ከዚህ ቀደም አይቷቸው እንደማያውቅ ሆኖ የሚቆም መሆኑን ነው። በአንጻሩ ፈሊጡን ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቅ ሌላ ልጅ ታሪኩን በጥሞና ተከትሎ ትርጉሙን ራሱ ሲያወጣው አያለሁ። ስለዚህ የፈሊጥ ትርጉም የሚገኘው ፈሊጡ የተሠራባቸውን ቃላት በመሰንጠቅ አይደለም፤ ፈሊጡ ከተነገረ በኋላ በታሪኩ ውስጥ ያሉት ሰዎች የሚያደርጉትን በማየት ነው ብዬ አምናለሁ።

«ነሣ» የሚለውን ግስ እንውሰድ። ከለከለ፣ ነፈገ የሚል ትርጉም እንዳለው ማንኛውም ተማሪ ያውቃል፤ «እንቅልፍ ነሣኝ» ሲባል እየሰማ አድጓልና። በዚህ ዕውቀት ተመርቶ «ፊት ነሣው» የሚለውን ሲፈታ ያለ ችግር ይደርስበታል፤ ፊቱን ከለከለው፣ ሊያየው አልፈለገም፣ በቅዝቃዜ ተቀበለው። ያው ተማሪ በዚያው መንገድ «እጅ ነሣ» የሚለውን ሲፈታ ግን የሚደርሰው እጁን ከለከለ፣ ሰላምታ ነፈገ ወደሚል ፍቺ ነው። ይህ ከእውነተኛው ትርጉም ጋር ፍጹም ይቃረናል፤ እጅ መንሣት ዝቅ ብሎ በአክብሮት ሰላምታ ማቅረብ ነውና። «ሰጠ»ም እንዲሁ ያደርጋል። ጆሮ የሰጠ ሰው አዳመጠ፣ እጅ የሰጠ ሰው ተሸነፈ፣ ፊት የሰጠ ሰው ደግሞ ልጁን ወይም አሽከሩን አቀበጠ። የመስጠት ሐሳብ በሦስቱም ውስጥ አለ፤ ነገር ግን አንዱን ያወቀ ሰው ሁለተኛውን በዚያ ብቻ ተመርቶ ማወቅ አይችልም።

አሁን ያንኑ «እጅ ነሣ» በታሪክ ውስጥ እናስቀምጠው። «ጭሰኛው ከደጃፉ እንደ ደረሰ ጋቢውን አደግድጎ እጅ ነሣ። ባለርስቱ ቀና ብለው ሳያዩት በእጃቸው እንዲገባ አመለከቱት።» ይህን ለክፍል ያነበብኩት ስለ ቃሉ አንዳች ሳልናገር ነው። ሰላምታ የነፈገ ሰው ጋቢውን ያደገድጋል ወይ? ማደግደግ የአክብሮት አለባበስ ነው። ባለርስቱስ ንቀት ቢደርስባቸው ኖሮ ዝም ብለው እንዲገባ ያመለክቱ ነበር ወይ? ተማሪዎቹ እነዚህን ጥያቄዎች እርስ በርሳቸው ሲጠያየቁ ቆይተው ወደ ትክክለኛው ፍቺ ደረሱ፤ ከዚያም አልፈው የሁለቱ ሰዎች ግንኙነት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ባለርስቱ ቀና ብለው አለማየታቸው ምን እንደሚናገር መወያየት ጀመሩ። ሠንጠረዡ ከዚህ ሁሉ ሊሰጣቸው የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን ልማድ አንድ ነገር ማንሣት አለብኝ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራና ጎንጅ የየራሳቸው የቅኔ ሥልት ያላቸው ስመ ጥር ቤቶች ናቸው፤ ዲማ ጊዮርጊስም ለዘመናት ሊቃውንት ያፈራ ደብር ነው። ቅኔ ቤት ገብቶ የማያውቀው ገበሬ እንኳ ንግግር ሲሰማ ከሰሙ ሥር ወርቅ ሊኖር እንደሚችል እያሰበ ነው የሚያዳምጠው። ይህ ለንባብ የተመቸ ትልቅ ሀብት ነው፤ በየትም ቦታ ያለ የሥነ ጽሑፍ መምህር ሊመኘው የሚገባ ጆሮ ነው። ሆኖም ፈሊጥ ላይ ሲደርስ ይኸው ልማድ አንዳንድ ጊዜ መንገድ ያስታል። ባለቅኔው ሰሙንም ወርቁንም አውቆ አንድ ላይ ሠርቷቸዋል፤ ሁለቱን ትርጉም የያዘውን ኅብረ ቃል የሰነጠቀ አድማጭ ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ፈሊጥ ግን ባለቤቱ አይታወቅም፤ በብዙ አፍ ሲመላለስ ሰሙ ቀልጦ ወርቁ ብቻ የቀረበት አነጋገር ነው። ከሰሙ ተነሥቶ ወርቁን ለማግኘት የሚጥር ሰው የሌለ ነገር ይቆፍራል።

ከቅኔ ቤት ወደ እኛ ትምህርት ቤት የመጡ ልጆች ላይ ይህን በግልጽ አይቻለሁ። «ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ» የሚለውን እንዲያብራራ የጠየቅኩት አንድ ብሩህ ተማሪ ጨው ዓይን ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ዓይን ያለቅሳል፣ ስለዚህ ሰውየው ይቅርታ ለመጠየቅ አልቅሶ መጣ ማለት ነው ብሎ እጅግ የተዋበ ትንታኔ አቀረበ። አመክንዮው እንከን አልነበረውም። የንባቡ ቀጣይ መሥመር ግን ሰውየው የበላውን ብድር ሳይመልስ ሌላ ብድር እንደጠየቀ ይናገር ነበር። ተማሪው ያን መሥመር ሲያነብ ትንታኔውን ራሱ አፈረሰው፤ እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩም። በቅኔ የሠለጠነ አእምሮ ሁለተኛ ትርጉም ለመቀበል ዝግጁ ስለሆነ፣ ማየት ያለበትን ቦታ ካወቀ ከማንም በበለጠ ፍጥነት ይታረማል።

የገጠር ኑሮ ያፈራቸው ፈሊጦች ለከተማ ልጅ ምን ያህል እንግዳ እንደሆኑ የተረዳሁት «ጎጆ ወጣ» በሚለው ነው። የሚከተለውን አጭር ምንባብ ራሴ ጻፍኩት፤ ለተማሪዎቼም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር እየገለጥኩ አነበብኩላቸው። «ሚያዝያ ላይ ታናሽየው ጎጆ ወጣ። አባቱ አንድ ጥማድ በሬና ጥጃ ያስከተለች ላም ሰጡት፤ የመንደሩ ሰው በደቦ ወጥቶ ክዳኑን ጨረሰለት። እናቱ ግን እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ እራት ስታቀርብ በልማድ የእሱን ድርሻ ትቆርስ ነበር።» የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ብቻ የሰሙ የደብረ ማርቆስ ልጆች «ከቤት ተባረረ»፣ «ኮበለለ»፣ «አኩርፎ ሄደ» አሉ፤ «ወጣ» የሚለው ግስ ወደዚያ ይመራልና አልፈርድባቸውም። ሁለተኛው ሲገለጥ መባረሩ ወደቀ፤ ለተባረረ ልጅ ጥማድ በሬ የሚሰጥ አባት የለም። ደቦው ሲመጣ ደግሞ አዲስ ቤት እየተሠራ እንደሆነ ገባቸው። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር እናትየው ከአንድ ገበታ የሚበላ ልጅ እንደጎደለባት ነገራቸው፤ ያን ጊዜ ጎጆ መውጣት ራሱን ችሎ የራሱን ቤት ማቆም መሆኑን አወቁ።

በዚህ ሂደት ውስጥ እጅግ የምወደው ነገር፣ ትርጉሙ ከስሜቱ ጋር አብሮ መምጣቱ ነው። መዝገበ ቃላት «ትዳር ያዘ፤ ራሱን ቻለ» ብሎ ይነግረናል፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ጎጆ መውጣት የአባት ኩራት፣ የመንደር ድካምና የእናት ጉድለት በአንድነት ያሉበት ነገር መሆኑን የሚያሳየው ያ የተቆረሰው እንጀራ ነው። በልብ ወለድ በኩል ፈሊጡን ያወቀ ልጅ ከዚያ በኋላ በሰርግ ቤት ሲሰማው እናትየውን ዞር ብሎ የሚያያት ይመስለኛል።

ከታሪኩ ሂደት ሌላ አማርኛ ራሱ በሰዋስው የሚሰጠን ምልክትም አለ፤ ይህ በትምህርት መጻሕፍት ውስጥ የሚገባውን ያህል ቦታ አግኝቶ አላየሁትም። «ጥርሱን ነከሰ» እና «ጥርስ ነከሰበት» የሚሉትን አስተያዩ። የመጀመሪያው ቻለ፣ ታገሠ፣ ሕመሙን ዋጠ ማለት ነው፤ ሁለተኛው ቂም ያዘበት ማለት ነው። ጥርሱም ንክሻውም አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያመጣው በግሱ ጫፍ የተቀጠለው «በት» ነው፤ ድርጊቱ በሌላ ሰው ላይ ያነጣጠረ መሆኑን ይናገራል። «ቀን ወጣለት» እና «ቀን ጨለመበት» በሚሉትም «ለት» ለጥቅም፣ «በት» ለጉዳት መሆኑን ያየ አንባቢ ዝርዝሩን ባያውቅ እንኳ ነገሩ ወደ ደጉ ወይም ወደ ክፉ ማዘንበሉን ያውቃል። «በት» ቦታንም መሣሪያንም ስለሚያመለክት ምልክቱ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ባለቤቱ ሰው፣ ተቀባዩም ሌላ ሰው ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሳስትም።

ሌላም አለ። «ሆድ ባሰው»፣ «እጅ አጠረው»፣ «ቀን ጣለው»፣ «እግር ጣለው» በምንልበት ጊዜ የግሱ ባለቤት ሰውየው አይደለም፤ ሆዱ፣ እጁ፣ ቀኑ ወይም እግሩ ነው፤ ሰውየው የነገሩ ተቀባይ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ የእነዚህን ፈሊጦች ትርጉም የማያውቅ አንባቢ ቢያንስ ሰውየው አስቦበት ያደረገው ነገር እንዳልሆነ፣ አንድ ነገር እንደደረሰበት ሊገነዘብ ይችላል። «እግር ጥሎት ከቤታችን ደረሰ» የሚል ዐረፍተ ነገር የገጠመው ልጅ እንግዳው ሳያስበው እንደመጣ የሚረዳው ከዚህ ነው፤ ቀጥሎ ቤተሰቡ የሚያቀርበው ነገር አጥቶ ሲዋከብ ሲያነብ ደግሞ ያረጋግጣል። እነዚህን ሁለት ምልክቶች ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ተማሪዎቼ የማያውቁት ፈሊጥ ሲገጥማቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ማንን?» ብለው ነው።

ይህን ዓይነት ንባብ ያለ ማንም አስተማሪ ሲለማመዱ ያየኋቸው በአዊ ብሔረሰብ ዞን ያሉ ልጆች ናቸው። እንጅባራ በነበርኩ ጊዜ አፋቸውን በአውኚ የፈቱ ተማሪዎች ነበሩኝ፤ አማርኛን ከቤት ይልቅ ከትምህርት ቤት፣ ከገበያና ከንባብ የተማሩ ናቸው። አንድ ፈሊጥ ሲገጥማቸው ከልጅነት ጀምሮ ሰምቼዋለሁና አውቀዋለሁ የሚሉበት ነገር ስለሌላቸው ገጹን አልፈው ለማንበብ አይቸኩሉም። ወደ ኋላ ይመለሳሉ፣ ወደ ፊት ይሻገራሉ፣ የተናጋሪውን ዕድሜና ቁጣ ይመዝናሉ። አማርኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ልጆች ግን ፈሊጡን ስለሰሙት ብቻ ያወቁት ይመስላቸዋል፤ ትርጉሙን በራሳቸው ቃል እንዲናገሩ ሲጠየቁ ያው ፈሊጥ ተመልሶ ይመጣል። «አንጀት በላው ማለት በቃ አንጀቱን በላው ማለት ነው» ይላሉ። ከአውኚ ተናጋሪዎቹ አንዷ ግን አንዲት ሕፃን በዝናብ ውስጥ ቆማ እናቷን ስትጠብቅ ያያት ነጋዴ አንጀቱን እንደበላችው የሚናገር ምንባብ አንብባ፣ ነጋዴው ቀጥሎ ጃንጥላውን ለሕፃኗ እንደሰጠ አስተውላ፣ «አሳዘነችው ማለት ነው፤ ቢጠላት ጃንጥላውን አይሰጣትም» ስትል መለሰች። የዚህች ልጅ መልስ ከማውቃቸው የንባብ ትንታኔዎች ሁሉ የበለጠ አሳማኝ ነው፤ ማስረጃዋን ከታሪኩ ውስጥ በጣቷ ማሳየት ትችል ነበርና።

ይህን እምነቴን ለመፈተን አንድ ጊዜ በአማርኛ የሌለ ፈሊጥ ፈጠርኩ። «ገሳውን ሰቀለ» የሚል ነው፤ ገሳ የጎጃም ገበሬ ክረምት ከዝናብ የሚከለልበት ከሣር የሚታታ ልብስ መሆኑን ተማሪዎቼ ሁሉ ያውቃሉ። ምንባቡ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ስለሚካሰስ ገበሬ ነበር፤ ክረምት ከበጋ ወረዳ ፍርድ ቤት ሲመላለስ ቆይቶ በመጨረሻ በቀጠሮው ዋዜማ «ገሳውን ሰቀለ» ይላል። ቀጥሎም፣ «በነጋታው ዳኛው ስሙን ሲያስጠሩ የመለሰ አልነበረም። ጎረቤቱ በመኸር ድንበሩን አንድ ክንድ ገፍቶ ሲያርስ በዓይኑ አየና ወደ ቤቱ ገባ» ይላል። ገሳ መስቀል ዝናብ ማባራቱን ሊያመለክት ስለሚችል አንዳንዶቹ መጀመሪያ ላይ «ችግሩ ተቃለለለት» ብለው ነበር፤ አንዱ ደግሞ «ታረቀ» አለ። የጎረቤቱ መግፋት ሁለቱንም ግምቶች አስጣላቸው፤ የታረቀ ጎረቤት ድንበር አይገፋም፤ ችግሩ የተቃለለለት ሰውም ሲገፋ አይቶ ዝም አይልም። ታክቶት ክርክሩን ተወ በሚለው ተስማሙ። ፈሊጡን እኔ እንደፈጠርኩት ስነግራቸው ብዙዎቹ አላመኑኝም፤ አያቱ ሲናገሩት ሰምቻለሁ ያለም ነበር። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ በሒሳብ ፈተና ገሳቸውን የሰቀሉ ተማሪዎችን ወሬ ስሰማ እጅግ ደስ አለኝ።

ፈሊጡ እንዲህ ከመዝገበ ቃላት ውጭ ተወልዶ በአንድ ገጽ ታሪክ ብቻ መግባባት ከተቻለበት፣ ለዘመናት የኖሩት ፈሊጦችም በመጀመሪያ የገቡን በዚሁ መንገድ እንደሆነ አልጠራጠርም። ማናችንም ብንሆን «ሆድ ባሰኝ» የሚለውን ከሠንጠረዥ አልተማርነውም፤ እናታችን ያን ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ስታዞር አይተን ነው።

ይህን ስል መዛግብተ ቃላት አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም። በ1962 ዓ.ም. የወጣው የደስታ ተክለ ወልድ «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ከጠረጴዛዬ አይለይም፤ አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ በ1979 ዓ.ም. ያሳተሙት «የአማርኛ ፈሊጦች»ም ለመምህር ትልቅ ባለውለታ ነው። ጥያቄዬ መቼ ይከፈቱ የሚል ነው። ንባቡን አቋርጦ መጽሐፉን የከፈተ ልጅ ፍቺውን ያገኛል፤ ነገር ግን ግምቱን ከታሪኩ ጋር ለማመሳከር የሚያስችለውን ዕድል ያጣል። ምዕራፉን ጨርሶ፣ ግምቱን በኅዳግ ላይ ጽፎ፣ ከዚያ በኋላ የከፈተ ልጅ ግን ከመጽሐፉ ጋር ይከራከራል። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ የመዝገበ ቃላቱ ፍቺ ለምንባቡ ጠባብ እንደሆነ በማስረጃ ሲያሳዩኝ፣ በዚያ ሰዓት ንባብን እንደለመዱ አወቅሁ።

ረጅም ልብ ወለድ በዚህ ረገድ ከአጭሩ የበለጠ ይሰጣል፤ አንድን ፈሊጥ በተለያዩ ሰዎች አፍ ደጋግሞ ያሰማናልና። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ለእኛ ለጎጃሞች ልዩ የሚሆነው ታሪኩ የሚሄድባቸው ቦታዎች ማንኩሳና ዲማ በእግራችን የምናውቃቸው በመሆናቸው ብቻ አይደለም፤ ካህኑ፣ ባላባቱና ገበሬው ያንኑ ቋንቋ እንደየማዕረጋቸው ሲጠቀሙበት የሚሰማበት ሰፊ መድረክ በመሆኑም ጭምር ነው። ባላባት ለአሽከሩ የተናገረው ፈሊጥና አሽከር ስለ ባላባቱ በሹክሹክታ የተናገረው ፈሊጥ ቃሉ አንድ ቢሆን እንኳ ክብደቱ አንድ አይሆንም። ተማሪዎቼ ረጅሙን መጽሐፍ ሲይዙ አዲስ ፈሊጥ በተገኘ ቁጥር ማን እንደተናገረው ጭምር እንዲመዘግቡ የማደርገው ለዚህ ነው።

ዐውድ የማይደርስበት ነገርም አለ። «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» የሚለውን ከታሪክ ውስጥ መረዳት አያስቸግርም፤ አንዱ ይጣራል ወይም ይለምናል፣ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ ሰምቶ እንዳልሰማ መሆን እንደሆነ ማንም ይገባዋል። ዳባ ምን እንደሆነ ግን ታሪኩ አይነግርም፤ ተማሪዎቼም አይተውት አያውቁም። ስለዚህ ጎረቤቴ የሆኑትን አንድ አዛውንት ጠየቅኳቸው።

«አያ፣ ዳባ ምንድን ነው?»

«የቆዳ ልብስ ነዋ፣ ልጄ። ለፍቶ የተዘጋጀ ቆዳ ነው፤ መናኝ ይለብሰዋል። ምን አስጠየቀህ?»

«ጆሮ ዳባ ልበስ ስለሚባለው ነገር ነው።»

«እሱማ ጆሮህን በቆዳ ከሸፈንከው ምን ይሰማል? እኛ ልጅ ሳለን እናታችን ውሃ ቅዱ ስትለን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን እንተኛ ነበር።»

አዛውንቱ ቃሉን ካስረዱኝ በኋላ ወዲያው ታሪክ ጨመሩበት፤ ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም። ጎጃም ውስጥ ትርጉም ጠይቄያቸው ያለ ታሪክ የመለሱልኝ ሽማግሌ አላስታውስም። «ለምሳሌ» ብለው አይጀምሩም፤ «እኛ ልጅ ሳለን» ወይም «አንድ ሰውዬ ነበር» ብለው ነው የሚጀምሩት። ለእነሱ ማስረዳት ማለት ነገሩ የተደረገበትን ቦታ ማሳየት ነው። ልብ ወለድ ጸሐፊም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

እጅግ አስቸጋሪ የሆኑት፣ ለእኔም ከሁሉ የሚያጓጉኝ፣ ዐውዱ ሁለት ትርጉሞችን በእኩል የሚፈቅድባቸው ቦታዎች ናቸው። «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» ያለች ሴት በልጇ መመረቅ ደስ ብሏት ሊሆን ይችላል፤ የበደላት ሰው ሲዋረድ አይታም ሊሆን ይችላል። ልጇ በተመረቀበት ቀን የበደላት ሰው ከበዓሉ ዳር ቆሞ ሲያይ ያሳየን ጸሐፊ፣ ሁለቱን ደስታዎች እንድንለይለት አልፈለገም። አንባቢው እዚህ ላይ አንዱን እንዲመርጥ ማስገደድ ታሪኩን ማጉደል ነው።

«ውሃ በላው» የሚለው ለጎጃም ሰው ከዚህም ይከብዳል። ገንዘቡን ውሃ በላው ስንል ከንቱ ሆኖ ቀረ ማለታችን ነው። አገራችንን ግን ዓባይ በሦስት አቅጣጫ ይከበዋል፤ ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ክረምት በገባ ጊዜ ወንዙን ሊሻገር ሞክሮ የቀረ ሰው በብዙ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አለ፤ ስለ እሱም የሚባለው «ውሃ በላው» ነው፤ እዚህ ላይ ምንም ፈሊጥ የለበትም። ለክፍሌ ባዘጋጀሁት አንድ ምንባብ፣ በበቅሎ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ሸዋ የተሻገረ ነጋዴ ሚስት ከብዙ ዓመት በኋላ ልጇ ስለ አባቱ ሲጠይቃት «ድካሙን ሁሉ ውሃ በላው» ትለዋለች። ስለ ንግዱ ነው የተናገረችው ወይስ ስለ ሰውየው? ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ስለ ንግዱ ነው ያሉት «ድካሙን» የሚለውን ቃል ይዘው ተከራከሩ፤ ስለ ሰውየው ነው ያሉት ደግሞ ልጁ ከዚያ በኋላ ዳግመኛ አለመጠየቁን አነሡ። እኔ እናትየው ለልጇ ሊሸከመው የሚችለውን ያህል ብቻ ለመንገር አስባ ቃሉን እንደመረጠች ነው የማምነው፤ ከተማሪዎቼ ግማሹ ግን እስካሁን አይስማሙም፤ የእነሱም ማስረጃ ደካማ አይደለም።

ይህ ሁሉ አንባቢን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በአካባቢዬ ያሉ ጀማሪ ጸሐፊዎች የሚያሳዩኝን ረቂቅ ሳነብ ፈሊጥ በላይ በላዩ ተደራርቦ አገኘዋለሁ፤ አማርኛው እንዲያምር ያደረጉት ነው፤ ፍቅራቸውም እውነተኛ ነው። ነገር ግን ከፈሊጡ በኋላ ምንም የማይደረግ ከሆነ አንባቢው የሚይዘው ነገር ያጣል። አንዲት የቡሬ ልጅ ስለ አባቷ የጻፈችው ታሪክ መጀመሪያ ሲመጣልኝ አባትየው በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ቀን ጨልሞበት፣ እጅ አጥሮት፣ ሰማይ ተደፍቶበት፣ ሆድም ብሶት ነበር። አንዱን ብቻ ብታስቀር የትኛውን እንደምትመርጥ ጠየቅኳት። «እጅ አጠረው» የሚለውን አስቀረች፤ ቀጥሎም አባቷ ገበያ በሄደ ቁጥር ለልጆቹ ሸንኮራ ይዞ የመመለስ ልማድ እንደነበረው፣ በዚያ ዓመት ግን ጨው ብቻ ይዞ መመለስ እንደጀመረ፣ ልጆቹም ሸንኮራውን መጠየቅ እንደተዉ ጻፈች።

ታሪኩን በክፍል ስናነበው የእጅ ማጠርን ትርጉም የጠየቀ ተማሪ አልነበረም። ይልቁንም ክርክር ተነሣ፤ ሸንኮራው ሁሉን ከተናገረ «እጅ አጠረው» የሚለው ለምን ይቀመጣል፣ ቢወጣስ ምን ይጎድላል አሉ። ጸሐፊዋ አባቷ ራሱ ስለ ኑሮው ሲጠየቅ የሚመልሰው በዚህ ቃል መሆኑን፣ ቃሉ ከወጣ የእሱ ድምፅ ከታሪኩ እንደሚወጣ ተናግራ አልቀይረውም አለች። እኔም ከእሷ ጋር ተስማማሁ።